ዝም ያልሁበት ጾም

ይህን የምጽፈው በድምፁ እንጀራ ለሚበላ ሰው ሁሉ ነው፤ ለመሪጌታው፣ ለአስተማሪው፣ ገበያ መሐል ቆሞ ለሚጮኸው ነጋዴ። ድምፃችሁ ሻክሮ ሳምንታት ከቆየ «ብርድ ነው፣ ያልፋል» ብላችሁ አትተኙ። የጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ምክሬ ይኸው ነው፤ የምታነቡት ለዚያ ብቻ ከሆነ እዚህ ላይ መተው ትችላላችሁ። የቀረው ሐዘን ነው።

ስሜ ይኄይስ ነው። ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ እኖራለሁ። በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን መሪጌታ ነኝ፤ ዜማ የማነሣውና መዘምራኑን የምመራው እኔ ነበርሁ ማለት ነው። ድምፄ ጥሩ ነበር። ትሕትና ደግ ቢሆንም ይህን ዝቅ አድርጌ ብናገር ውሸት ይሆንብኛል። በድምፅ ማጉያው ሰምቶኝ የማያውቅ የባጃጅ ሹፌር በሰፈሩ አልነበረም።

ድምፁን የወረስሁት ከአባቴ ነው። የኔታ ፈንታ ይባላሉ። መራዊ አጠገብ ባለች የገጠር ደብር ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ ኖረው ዐይናቸው ሲጠፋ እኔ ቤት አመጣኋቸው። ልጅ ሳለሁ ከተማሪዎቻቸው ጋር አብሬ እማር ነበር። ቅኔ አልሆነልኝም። ለመያዝም ፈጣን አልነበርሁም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የተሰጠኝ ትምህርት ሲያቅተኝ ምርር ብለው «እግዜር ለአንተ ድምፅ ሰጥቶሃል፤ ሌላ ምንም አልሰጠህም። እሱን ጠብቅ!» አሉኝ። ተማሪው ሳቀ፣ እሳቸውም ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቃሉ ግን ውስጤ ገብቶ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ስዘምር ሰው ነኝ፤ ሳልዘምር የለሁም። ባለቤቴን ማስተዋልን እንኳ በድምፄ ያገኘኋት ይመስለኝ ነበር። ይህን ስነግራት «በድምፅህ ቢሆንማ ስታንኮራፋ ገና ፈትቼህ ነበር» አለችኝ።

ሕመሙ የጀመረው በጽጌ ወቅት ነው። ያን ጊዜ ሳምንት በሳምንት ሌሊቱን ሙሉ ስለሚቆም ጠዋት ድምፅ መሻከሩ ብርቅ አይደለም። ያን ዓመት ግን ሰኞ አልጠራ አለ፤ ማክሰኞም አልጠራ አለ። ከፍ ያለውን ዜማ ላነሣ ስሞክር መሐል ላይ እንደ አሮጌ ጨርቅ ይቀደዳል። በዜማ ቤት ለዚህ የምናውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ በላዩ ላይ መጮኽ። የደከመ ድምፅ ሲገፋ ይከፈታል ብለን ነው ያደግነው። አባቴም «ግፋበት፣ ካልሄድህበት ይደፈናል» አሉኝ። ገፋሁበት። ጽጌ ሲያልቅ የቀረኝ ድምፅ የራሴ አልመስል አለኝ።

ከዚያ ተልባው መጣ፣ ዝንጅብሉ መጣ፣ ማሩ መጣ። ጎረቤት «ድምፁን በዐይናቸው በልተውት ነው» አለ። አንዱ ባልንጀራዬ ደግሞ ቦታዬን የሚመኝ ሰው መድኃኒት አድርጎብኛል ብሎ ስም ሊነግረኝ ሲል ማስተዋል ከቤት አስወጣችው። እሷ የባህል ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋን አቁማ ፋሲሎ ሰፈር ወዳለ ክሊኒክ ወሰደችኝ። እዚያ ቶንሲል ነው ተብዬ እንክብል ተሰጠኝ። ሌላው ቤት ጨጓራ ነው አሉኝ። ሌላው አለርጂ አለ። ከሳሁና የሳንባ ምርመራም አዘዙልኝ፤ አክታዬን ሰጥቼ ውጤቱን እስክሰማ ድረስ ማስተዋል የምበላበትን ሳሕን ለብቻ አስቀመጠችው። አስባልኝ ነው፤ ለቤቱም አስባ ነው። እኔ ግን ያን ሳሕን ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞር ነበር። ሳንባዬ ደኅና ሆኖ ተገኘ።

በመጨረሻ አንዱ ሐኪም ወደ ትልቁ ሆስፒታል፣ ወደ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ክፍል ጻፈልኝ። ሐኪሟ ወጣት ናት። ቀጭን ካሜራ በአፍንጫዬ አስገብታ ጉሮሮዬን በቴሌቪዥን አሳየችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ያገለገልሁበትን ነገር ያን ቀን ገና በዐይኔ አየሁት። ሁለት ነጫጭ አውታሮች ናቸው፤ በአንደኛው ላይ የምስር ፍሬ የምታህል እብጠት ተቀምጣለች። «ፖሊፕ ይባላል» አለች። «አውታሩ ሲደክም ያለ ዕረፍት ሲገፋ ይመጣል። ክፉ ነገር አይመስለኝም፤ ግን ወጥቶ መመርመር አለበት።» ክፉ ነገር ያለችው ምን እንደ ሆነ ሳትነግረኝ ገባኝ። ወጥቶ ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። ደግነቱ ንጹሕ ሆነ።

ቀዶ ጥገናው የተደረገው ጾሙ ሊገባ ሲል ነው። ሐኪሟ አልጋዬ ጫፍ ተቀምጣ እንዲህ አለችኝ፦

«መሪጌታ፣ ቁስሉ እስኪድን ድምፅ የሚባል የለም። ጾም እንደ ሆነ፣ እንደሚያገለግሉም አውቃለሁ። ግን አሁን ከዘመሩ ዳግመኛ ላይዘምሩ ይችላሉ።»

ራሴን ነቀነቅሁ። ቤት ገብቼ ዝም አልሁ። ዝም ያልሁ መስሎኝ ነበር ማለት ይሻላል። የዘወትር ጸሎቴን ግን ጧትም ማታም በለሆሳስ አደርሳለሁ። በእኛ ዘንድ ጸሎት ይደርሳል እንጂ አይታሰብም፤ ከንፈር ካልተንቀሳቀሰ፣ ቃሉ ካልተባለ የጸለይሁ አይመስለኝም። የጾሙን ዜማም ጓደኞቼ በሚቆሙበት ሰዓት እኔ ቤቴ ሆኜ በትንፋሼ እከተላቸዋለሁ። ይህን ማድረጌ ከትእዛዝ መውጣት መሆኑ ፈጽሞ አልታየኝም። ሐኪም ስለ ድምፅ እንጂ ስለ ጸሎት ምን አገባው?

በቀጠሮዬ ቀን ሐኪሟ ካሜራውን ከትታ ፊቷ ተለወጠ። «ምን ሲያደርጉ ነበር?» አለች። ስልኬ ላይ ጻፍሁላት፤ መጸለይ ብቻ፣ እሱም በለሆሳስ።

«በለሆሳስም አይሆንም!» አለች። ሹክሹክታ አውታሩን ከንግግር ይልቅ ሊያደክመው እንደሚችል ያን ቀን ተማርሁ። ቁስሉ ተቆጥቶ ነበር። «ከእንግዲህ መተንፈስ ብቻ። ሳልም ቢመጣብዎ ውኃ ይጠጡበት። ጮኾ ማልቀስ እንኳ የለም።»

እንግዲህ በምን ልጸልይ? ብዬ ጻፍሁ። አነበበችና «እሱን እኔ አላውቅም፤ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ» አለችኝ።

ከክፍሉ ወጥቼ ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ። አጠገቤ ከወረታ የመጡ አንዲት ሙስሊም እናት እንቅርታቸውን በሻሽ ሸፍነው ተቀምጠዋል። ስለ ጨርቅ ንግዳቸው፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ሟች ባላቸው ነገሩኝ፤ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። ሲጠሩ ተነሡና «ልጆቼ አንድ ቃል አያስጨርሱኝም። አንተ ደግ ሰው ነህ። አላህ ያሽርህ» ብለውኝ ገቡ። ድምፄን ሳይሰሙ ደግ ያሉኝ ሰው እሳቸው ናቸው። ምን እንደ ነካኝ አላውቅም፣ እንባዬ መጣ።

ቤት ውስጥ ግን ከሁሉ የከፋው የአባቴ ነገር ነበር። እሳቸው አያዩም፣ እኔ አልናገርም። እኔ ልጽፍላቸው አልችል፣ እሳቸው ሊያነቡኝ አይችሉ። ክፍላቸው ውስጥ መደብ ላይ ተቀምጠው የበሩን ድምፅ ሲሰሙ «ይኄይስ፣ አለህ?» ይላሉ። «አለህ ወይ?» ይደግማሉ። ሮጬ ሄጄ እጃቸውን እይዛለሁ። አንዳንድ ቀን ሕመሜን ይረሱትና «ምን አድርጌህ ነው የምታኮርፈኝ ልጄ?» ይሉኛል። ማስተዋል ከልብስ ስፌቷ ተነሥታ «አባ፣ ታሞ ነው እኮ፤ ሐኪም ከልክሎት ነው» ትላለች። «እህ፣ ለካ» ይሉና አንገታቸውን ይደፋሉ። በቀን ስንት ጊዜ ልብ ይሰበራል?

ማስተዋልም መረራት። የሁላችንም አፍ እሷ ሆነች። ለቤቱም፣ ለጠያቂውም፣ ለደብሩ አስተዳዳሪም የምትመልሰው እሷ ናት። አንድ ቀን «እኔስ? ለእኔ ማን ይናገርልኝ?» ብላ መቀሷን ወረወረች። ከዚያ አንሥታ ሥራዋን ቀጠለች።

የንስሐ አባቴ አባ ወልደ ሥላሴ ከሐይቁ ዳር ባለች ገዳም ነው የሚኖሩት። በጀልባ ሄድን። ማስተዋል ሁሉን ነገረቻቸው፤ በለሆሳስ እንኳ መጸለይ እንደ ተከለከልሁ ስትደርስ አባ ሳቁ።

«ታዲያ ምን ያስለቅሰዋል? እኛ አርምሞ ብለን ለዚህ ነገር መንነን ስንለፋ ኖርን፤ እሱ በሐኪም ወረቀት አገኘው!»

አልሳቅሁም። ስልኬን አውጥቼ ጻፍሁ፤ ማስተዋል አነበበችላቸው። ገብር ኄር እየደረሰ ነው። መክሊቱን መሬት ቆፍሮ ስለ ቀበረው ሰነፍ አገልጋይ የሚነበብበት እሑድ ነው። የተሰጠኝ መክሊት አንድ ነው፤ ቀብሬዋለሁ። እግዚአብሔር ተቆጥቶኛል።

አባ ሳቃቸውን ተዉ። «አንተ አልቀበርህም፤ ታመምህ። ታማሚና ሰነፍ መለየት አቃተህ?» አሉ። ከዚያ ቀረብ ብለው በዝግታ አስረዱኝ። በየማለዳው ፀሐይ ሳይከር ሐይቁ ዳር ተቀመጥ። ከንፈርህን ዝጋ። «ማረኝ» የምትለዋን አንዲት ቃል በልብህ ያዝ፤ ከትንፋሽህ ጋር ትግባ፣ ከትንፋሽህ ጋር ትውጣ። ጸሎተ ኅሊና ይባላል፤ ከአንተ በፊት ብዙ ሰው ኖሮበታል። «ክፉ ሐሳብ ሲመጣ አትጣላው። ይህን ማን ነገረህ? ብለህ ጠይቀው። እግዜር ከሆነ ስገድ። ሌላ ከሆነ ሸኘው። ከቀትር በኋላ ደግሞ ተኛ።»

ተኛ ሲሉኝ ደነገጥሁ። ጾም ቆሜ የማሳልፈው ነገር ነው። መሪጌታ በጾም ይተኛል?

«ተኛ ብያለሁ። ዕረፍት ቀኖናህ ነው።»

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሐይቁ ዳር ተቀምጬ የማስበው ስለ ምሳ ነበር። ከዚያ ስለ ቦታዬ፤ ማን ዜማ እያነሣ ይሆን፣ ምን ያህል እያበላሸው ይሆን። ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ገብቼ በእጄ ወደ ፊት ባመለክት ሹፌሩ መስማት የማልችል መስሎት እስከ ሰፈሬ እየጮኸ አወራኝ፤ ሲያወርደኝም ሒሳብ አልቀበልም አለ። ድሮ በድምፄ የሚያውቀኝ ይሆናል። መልኬን ግን ከየት ይወቀው?

አንድ ማለዳ ግን ያ የለመድሁት ሐሳብ መጣ። ድምፅ ከሌለህ ምንም የለህም። እንደ ታዘዝሁት ጠየቅሁት፤ ይህን ማን ነገረህ? መልሱ ከነቦታው መጣ። የመራዊው የዜማ ቤት፣ ከሰዓት በኋላ፣ የተማሪዎቹ ሳቅ፣ የአባቴ የደከመ ፊት። እግዚአብሔር አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ሲያስተምር ውሎ የሰለቸው አንድ አባት ነበር። የአባቴን ቃል የእግዚአብሔር ቃል አድርጌ ይህን ሁሉ ዘመን ስሰግድለት ኖሬያለሁ። ቄጠማው መሐል ተቀምጬ አፌን በሁለት እጄ አፍኜ አለቀስሁ። ጮኾ ማልቀስ ክልክል ነዋ።

ቤት ስገባ ተቆጥቼ ነበር። ልጠይቃቸው ፈለግሁ፤ ለምን እንዲያ አልኸኝ አባ? መጠየቂያ ግን አልነበረኝም። እሳቸው ኮቴዬን ሰምተው «አለህ?» አሉ። ሄጄ እጃቸውን ያዝሁ። ቁጣው ገፍቶኝ ነው መሰለኝ፣ እጃቸውን እንደ ያዝሁ በዝማሜ አንቀሳቀስሁት። ዝማሜ ዜማውን ተከትሎ መቋሚያውን ማወዛወዝ ነው፤ በጾም ከበሮና ጸናጽል ስለማይመታ የምንዘምረው በእሱ ብቻ ነው። ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ዝቅ፣ ከፍ አደረግሁት። አባቴ ጆሯቸውን አቀኑ፤ ከዚያ ፊታቸው በራ።

«የዚህ ሳምንት ነው! እንዴ፣ አውቄዋለሁ!» አሉና በዚያች ቀጭን ድምፃቸው ይዘምሩት ጀመር። እጃቸው በእጄ ነው። ቁጣዬ የት እንደ ገባ አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ እንዲህ ስናመሽ ሰነበትን። እጃቸውን የምመራው እኔ ነኝ፣ የሚዘምሩት እሳቸው ናቸው። በሕይወቴ ከአባቴ ጋር እንደዚያ ቀርቤ አላውቅም።

ብዙ አልቆየልኝም። በገብር ኄር ሳምንት ብርድ መታቸውና ሳንባቸው ተያዘ። ሐኪም ቤት ተኝተው ተመለሱ፤ ዕድሜያቸው ገፍቷልና ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም ተባልን። የደብሩ መዘምራን ሊጠይቁ መጥተው መደባቸውን ከብበው የጾሙን ዜማ አነሡላቸው። አምሮ ነበር። እኔ ከእግራቸው ሥር ተቀምጬ መሬት መሬት አያለሁ። አባት እየሞተ ሌላ ይዘምርለታል፤ ልጁ ተቀምጦ ያያል። አንድ ጊዜ ብቻ ባዜምስ? ድምፄ ለዛሬ ካልሆነኝ ለመቼ ሊሆነኝ ነው? አፌን ከፍቼ ነበር። ማስተዋል አይታኝ እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች።

አባቴ ያን ጊዜ እጃቸውን አነሡ። «እግዜር ይስጣችሁ። አሁን ይብቃ። ይኄይስ የት አለ?»

«ከእግርዎ ሥር ነው፣ አባ» አለች ማስተዋል።

«እሱን ስጡኝ።»

ከመዘምራኑ አንዱ ጎንበስ ብሎ «የኔታ፣ እሱ እኮ አይችልም» አላቸው።

«ዘምር አልሁት? ልጄን ነው ያልሁ። ልጄን ስጡኝ!»

መደቡ ላይ ወጥቼ አጠገባቸው ተጋደምሁ። ፊቴን በመዳፋቸው ዳበሱኝ፤ ግንባሬን፣ ጢሜን፣ ጉሮሮዬን። ጉሮሮዬ ላይ እጃቸውን አቆዩና «ይረፍ፣ ይረፍ» አሉ። ሌላ አልተናገሩም። በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ አረፉ።

ቀብራቸው ላይ አላለቀስሁም፤ እንባዬ ይወርዳል እንጂ ድምፅ የለኝም። ከመራዊ የመጣች አክስቴ በሰው ፊት «ምነው ይሄ ልጅ፣ የሞተው አባቱ አይደለም ወይ?» አለች። ማስተዋል ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ ልቅሶዋ ቀደማት። ፍትሐቱን ጓደኞቼ አደረሱ። እኔ መቋሚያዬን ተደግፌ መሐላቸው ቆሜ «ማረው» እላለሁ፤ በልቤ። ያ የልብ ጸሎት እንደሚሰማ ያን ቀን ባላምን ኖሮ እብድ ነበር የምሆነው።

ዛሬ እንዴት ነህ ለሚለኝ፣ ድኛለሁ። ድምፄ ግን ወፍሯል፤ ያ ከፍ ያለው አልተመለሰም፣ ሐኪሟም ይመለሳል አላለችኝም። አሁን ዜማ የሚያነሣው ሌላ ሰው ነው፤ እኔ እቀበላለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ይቆረቁረኝ ነበር፤ አሁንም አንዳንድ ቀን ይቆረቁረኛል። ጧት ጧት ሐይቁ ዳር መቀመጤን አልተውሁም። ከቀትር በኋላም እተኛለሁ፤ የሚስቅ ይሳቅ።

ድምፄ የወጣበት ቀን ከፋሲካ በኋላ ነው። ሐኪሟ ካሜራውን አወጣችና ፈገግ አለች። «ድኗል። በሉ በዝግታ፣ ሳይገፉ፣ ኣ ይበሉ።»

ኣ ልል ነበር። የወጣው «አባ» ነው። የተሰነጠቀ፣ ሻካራ፣ የማላውቀው ድምፅ ነው። አንዴ ከወጣ ማን ይመልሰው? «አባ! አባዬ! የኔ አባት!» እያልሁ ወንበሩ ላይ ጮኼ አለቀስሁ። ሐኪሟ ልትከለክለኝ እጇን አነሣች፤ ከዚያ ዝቅ አደረገችው።

ማስተዋል ከበሩ ውጭ ነበረች። የሰማችው ድምፅ ብቻ ነው። «ተናገረ! ባሌ ተናገረ!» ብላ እልል አለች። ተራ የሚጠብቁት ሕመምተኞች፣ አንገታቸው የታሰረውም፣ ከገጠር የመጡት እናቶችም አብረዋት እልል አሉ። በሩን ከፍታ ስትገባና ፊቴን ስታይ እልልታዋ አፏ ላይ ቀረ። ነጠላዋን ለልቅሶ አዘቅዝቃ አጠገቤ ተቀመጠችና «በል አልቅስ፣ አሁን አልቅሳቸው» አለችኝ፤ አብረን አለቀስን። ውጭ ያሉት ግን ይህን አላወቁም፤ ገና እልል ይሉ ነበር።